ጋን በጠጠር ሲደገፍ፦ ትንሹ ሞተር በቅንጦት መኪና ኮፈን ሥር

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚያነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ስንት ሲሲ ናት?» ደላላው ቢነግረውም አይበቃውም፤ ሊብሬውን ገልጦ ቁጥሯን በዓይኑ ያያል። ያቺ ቁጥር ብዙ ነገር ስትነግረን ኖራለች። የቀረጡን ክብደት፣ የነዳጁን ወጪ፣ ዳገት ላይ የሚኖረውን አቅም፣ የባለቤቱን የኪስ ልክ ሳይቀር ከእሷ ማንበብ ለምደናል። አንድ ሺህ ሲሲ ሲባል ለከተማ ምልልስ የምትሆን ቪትዝ፣ አራት ሺህ ሲሲ ሲባል አገር አቋራጭ ላንድክሩዘር ወዲያው ፊታችን ድቅን ይላል።

ታዲያ ግንባሩ ላይ ኮከብ የያዘ መርሰዲስ ሲ 200 ቀርቦ ወረቀቱ 1,497 ሲሲ ቢል ምን እንላለን? ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የመታለል ስሜት ነው። በየሰፈሩ የምናውቃት ባለ 1.6 ሊትር ኮሮላ እንኳ በሞተር ስፋት ትበልጠዋለች። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2018 በዚህ ሞተር ለገበያ የቀረበው ሲ 200፣ 184 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ያቺ ኮሮላ ደግሞ ከ110 ብዙም አትርቅም። በሊትር ያነሰው በሥራ በለጠ።

አባቶች «ጋን በጠጠር ይደገፋል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ጠጠሩ ጋኑን የሚያቆመው ግን በልኩ ተመርጦ በቦታው ሲገባ ነው። ያለ ልኩ የተሸጎጠ ጠጠር ጋኑንም ጠላውንም ይዞ ይወድቃል። የጀርመን መኪና ሠሪዎች ባለፉት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት በአነስተኛ የቅንጦት መኪኖቻቸው ላይ ያደረጉት ነገር በዚህ አባባል ሊመዘን ይገባል ብዬ አምናለሁ። ትንሹ ሞተር ክብር የሚገባው የምህንድስና ሥራ ነው። ልኩን ሲስት ግን ገዢው ይከፍላል፤ ልኩን የወሰነውም አብዛኛውን ጊዜ ገዢው አልነበረም።

ከጥንትም ባለ 4 ነበሩ

«የቅንጦት መኪና ድሮ ቀረ፤ ዱሮ ሞተሩ ትልቅ ነበር» የሚለው ትዝታ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። መርሰዲስ እ.ኤ.አ. በ1982 ትንሹን 190 ሲያወጣ ሞተሩ ባለ 4 ሲሊንደር 2.0 ሊትር ነበር፤ የካርቡራተሩ ዓይነት ጉልበት ደግሞ 90 ፈረስ ብቻ። ቢኤምደብሊው 3 ተከታታዩን እ.ኤ.አ. በ1975 ሲጀምር 316 የተባለው መነሻ መኪና 1.6 ሊትርና 90 የፈረስ ጉልበት ይዞ ነበር። ባለ 6 ሲሊንደሩ ወደዚህ ቤተሰብ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ያ 190 ወደ 1,100 ኪሎ ገደማ ነበር የሚመዝነው። የዛሬው ሲ ክላስ ከ1,600 ኪሎ ያልፋል። የአየር ከረጢቱ፣ ግጭት የሚችለው አካል፣ ድምፅ የሚያፍነው መስታወት፣ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሰው ወንበር፣ ኮምፒውተሩ፣ ሁሉም ኪሎ ጨምሯል። ስለዚህ የዛሬው ትንሽ ሞተር የተሸከመው ጭነት የአባቱ ሞተር ከተሸከመው በግማሽ ያህል ይበልጣል። መኪናው በየትውልዱ ሲወፍር ሞተሩ በአንጻሩ ሲጠብ መጣ።

ጥበቱ ጫፍ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በዚያ ዓመት ቢኤምደብሊው 318አይ ላይ ባለ 3 ሲሊንደር፣ 1,499 ሲሲ ሞተር ገጠመ። ጉልበቱ 136 ፈረስ፣ ሞተሩ የሚጠመዝዝበት ኃይል 220 ኒውተን ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የ320አይ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር በጥሩ ቀኑ 129 ፈረስ ነበር የሚያወጣው። ግማሹ የሲሊንደር ቁጥር፣ ሦስት አራተኛው ስፋት፣ የበለጠ ጉልበት። ይህ እንዴት ሆነ?

ወናፍ የተጨመረበት ምድጃ

ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ከነዳጅ ነው፤ ነዳጅ ደግሞ ያለ አየር አይነድም። ቤንዚን መጨመር ቀላል ነው፤ የሚከብደው በቂ አየር ማስገባት ነው። የድሮው መፍትሔ ሲሊንደሩን ማስፋት ነበር፤ ሰፊ ሳንባ ብዙ አየር ይስባል። የአሁኑ መፍትሔ የአንጥረኛው ወናፍ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው የተቃጠለ ጭስ ወደ ማርሚታው ከመሄዱ በፊት ትንሽ ጎማ ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ማዶ ያለው ሌላ ጎማ ንጹሕ አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። ቱርቦ የምንለው ይኸው ነው። ድሮ በከንቱ ይወጣ የነበረው ጭስ ወናፍ ነፊ ሆኖ ተቀጠረ።

ቁጠባው ግን ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው። አንድ የቤት መኪና በሜዳ ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚፈልገው ጉልበት 20 ፈረስ ቢሆን ነው። ባለ 200 ፈረስ ሞተር ያለው ሰው አብዛኛውን ዕድሜውን የሚነዳው በሞተሩ አንድ አሥረኛ ነው። ትልቅ የቤንዚን ሞተር በዚህ ቀላል ሥራ ላይ ሲሆን አየር ማስገቢያው ሊዘጋ ጥቂት ይቀረዋል፤ ፒስተኖቹ በጠባብ አፍ አየር ለመሳብ ሲታገሉ ነዳጅ ያባክናሉ። በዚያ ላይ 6 ፒስተን ከ3 ፒስተን ይልቅ ብዙ የሚፋተግ ብረት አለው። ትንሹ ሞተር ለዚያው ቀላል ሥራ ሰፋ ባለ አፍ ይተነፍሳል፣ ያነሰ ይፋተጋል፤ ጉልበት ሲጠየቅ ብቻ ወናፉን ይጠራል።

የሚከፈለው ዋጋ ልስላሴ ነው። ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ዘንጉ 120 ዲግሪ በዞረ ቁጥር አንዴ ይተኩሳል፤ ባለ 4ቱ በ180፣ ባለ 3ቱ በ240 ዲግሪ። በተኩስና በተኩስ መካከል ያለው ርቀት በሰፋ መጠን የሚሰማው ድክ ድክ ይጨምራል። ቀጥ ብሎ የተደረደረ 6 ሲሊንደር በተፈጥሮው ሚዛኑን የጠበቀ ነው፤ ባለ 3ቱ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ መወዛወዝ ይፈልጋልና ሚዛን የሚጠብቅ ተጨማሪ ዘንግ ይገባለታል። ያም ሆኖ ጆሮ ልዩነቱን ያውቃል። ሰው ለቅንጦት መኪና የሚከፍለው ጸጥታ ፍለጋ ጭምር ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሞተሩን ያሳነሰው ማን ነው?

ለ1.5 ሊትር፣ ለ1.6 ሊትር፣ ለ2.0 ሊትር ተፈጥሮ የሰጠው የተለየ ቅድስና የለም። እነዚህን ቁጥሮች የቀደሰው የግብር ሰንጠረዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጣልያን ከ2,000 ሲሲ በላይ በሆነ መኪና ላይ 38 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ትጥል ነበር። ቢኤምደብሊውም የዝነኛውን ኤም 3 ሞተር ወደ 1,990 ሲሲ አሳጥሮ 320አይኤስ የተባለ መኪና ለጣልያንና ለፖርቱጋል ገበያ ለይቶ ሠራ። ቱርክ ወሰኗን 1,600 ሲሲ ላይ ስታቆም 520አይ የሚል ስም ያለው ትልቅ መኪና 1.6 ሊትር ሞተር ይዞ ገባላት። ቻይና ከ1.0 እስከ 1.5 ሊትር ባለው ሞተር ላይ 3 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 2.0 ሊትር 5 በመቶ የፍጆታ ታክስ ታስከፍላለች፤ ከ4.0 ሊትር በላይ ሲሆን 40 በመቶ ይደርሳል። ቁመቱ ለቻይና የረዘመው ሲ ክላስ 1.5 ሊትር ሞተር የያዘው በአጋጣሚ አይደለም።

አውሮፓ ደግሞ ወሰኑን በሲሲ ሳይሆን በጭሱ ላይ አስቀመጠች። እ.ኤ.አ. በ2015 የአንድ አምራች አዲስ መኪኖች አማካይ ልቀት በኪሎ ሜትር 130 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲሆን፣ በመቀጠልም ወደ 95 ግራም እንዲወርድ አዘዘች። ከወሰኑ ላለፈ እያንዳንዱ ግራም፣ በእያንዳንዱ በተሸጠ መኪና ቅጣቱ 95 ዩሮ ነው። መቶ ሺህ መኪና የሸጠ ኩባንያ 10 ግራም ቢያልፍ 95 ሚሊዮን ዩሮ ይቀጣል ማለት ነው። 95 ግራም በቤንዚን ሲተረጎም በመቶ ኪሎ ሜትር 4.1 ሊትር ገደማ ነው። ይህን ስሌት የያዘ የኩባንያ ኃላፊ ትልቅ ሞተር ሊወድ አይችልም።

ችግሩ የመጣው ከፈተናው ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2017 ድረስ የሠራው የአውሮፓ ፈተና በቤተ ሙከራ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያህል የሚካሄድ ሲሆን አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። 120 የሚነካው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ የዘገየ ፈተና ለትንሽ ሞተር የተሰፋ ልብስ ነው፤ ወናፉ ሳይጠራ ያልፋል። ያው መኪና ቤተሰብና ሻንጣ ጭኖ በፈጣን መንገድ ሽቅብ ሲወጣ ግን ቱርቦው ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ሞተሩ እንዳይግል ከሚነደው በላይ ቤንዚን ይረጫል። በወረቀት የተጻፈው ቁጠባ በመንገድ ላይ ይቀልጣል። ከእ.ኤ.አ. መስከረም 2017 ጀምሮ የተተካው አዲሱ ፈተና ረዘም ያለና ፈጠን ያለ ሆነ፤ በእውነተኛ መንገድ ላይ የሚደረግ የጭስ ልኬትም ታከለበት። ያኔ ልኩን ያለፈው ጠጠር ታወቀ።

ወደ ልክ መመለስ

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ባለ 3 ሲሊንደሩ 318አይ ዕድሜው አጭር ነበር። ቀጣዩ ትውልድ 318አይ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲመጣ ኮፈኑ ሥር ያለው ባለ 4 ሲሊንደር 2.0 ሊትር ሆነ፤ ጉልበቱ 156 ፈረስ። ኦዲም ያንኑ መንገድ ሄደ። ኤ 4 ላይ የነበረውን ባለ 150 ፈረስ 1.4 ሊትር ሞተር አንስቶ በዚያው 150 ፈረስ 2.0 ሊትር ተካው። ትልቁን ሞተር ጫና ሳያበዙበት፣ የቫልቩን አከፋፈት ለቁጠባ አስተካክለው ቢያሠሩት ከሚጨናነቀው ትንሽ ሞተር የተሻለ እንደሚሆን የኦዲ መሐንዲሶች ተናገሩ። ማሳነስ የነበረው ዘመቻ ልክን ማግኘት ወደሚል ተለወጠ።

መርሰዲስ በ1.5 ሊትሩ ጸና፤ ብቻውን ግን አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ2018ቱ ሲ 200 ላይ 48 ቮልት የኤሌክትሪክ ረዳት ጨመረለት፤ ቱርቦው እስኪነቃ ድረስ ያለችውን ቅጽበት ይህ ረዳት ይሞላታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የመጣው ሲ ክላስ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ባለ 4 ሲሊንደር ብቻ ሆነ። እዚህ ላይ ነው ኩባንያው ከልኩ አልፎ የሄደው። ሲ 63 የሚባለው የቤቱ አውራ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ 6,208 ሲሲ ባለ 8 ሲሊንደር ነበር። ተከታዩ 3,982 ሲሲ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታወጀው 1,991 ሲሲ ባለ 4 ሲሊንደር ነው። በሁለት ትውልድ ከሦስት አንድ እጅ ያህል ቀረ። ከኋላ በገባለት የኤሌክትሪክ ሞተር ታግዞ ጉልበቱ 680 ፈረስ ደርሷል፤ ክብደቱ ግን ከ2,100 ኪሎ በላይ ነው። በወረቀት ከሁለቱም ይበልጣል። ለዚያ መኪና ብሎ ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው ግን የከፈለው ለድምፁና ለባሕርዩ ነበር፤ ያ በፈረስ ጉልበት አይተካም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋኝ ስሙ አሮጌውን ቁጥር ይዞ መቅረቱ ነው። በድሮው ቢኤምደብሊው ላይ 320 ማለት በአብዛኛው 3 ተከታታይ፣ 2.0 ሊትር ማለት ነበር። ኋላ 328አይ 2.0 ሊትር፣ 318አይ 1.5 ሊትር ሆኑ። መርሰዲስ ሲ 180፣ 1.8 ሊትር ሆኖ ተወልዶ፣ 1.6 ሆኖ ኖሮ፣ ዛሬ 1.5 ነው። አምራቾቹ ሞተሩን ማሳነሳቸው ነውር የለበትም፤ ግን የሚያኮራ ሥራ ከሆነ ለምን በአሮጌው ቁጥር ይሸፈናል? ገዢ የሚከፍልበትን ነገር በስሙ የመጥራት መብት አለው።

በእኛ ከፍታ ላይ

እስካሁን ያነሳሁት የአውሮፓን ጉዳይ ነው። አሜሪካ የሚኖረው ወገናችን ይህን ክርክር እምብዛም አያውቀውም፤ እዚያ የተሸጠው ትንሹ 3 ተከታታይም ሲ ክላስም በእነዚህ ዓመታት በአብዛኛው 2.0 ሊትር ነበርና። አዲስ አበባ ላይ ግን ትንሹ ባለ ቱርቦ ሞተር ጀርመን ውስጥ የሌለው አንድ ትልቅ ምክንያት አለው፤ አየራችን ሳስቷል።

ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው ይህንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ በፋብሪካ 150 ፈረስ የተባለው እዚህ ከ115 ብዙም አያልፍም። ባለ ቱርቦው ግን ወናፉን በፍጥነት አሽከርክሮ የጎደለውን ይሞላል። ስለዚህ እንጦጦ ዳገት ላይ 1.5 ሊትር ባለ ቱርቦ መርሰዲስ ቱርቦ የሌለውን የድሮ 2.5 ሊትር ሊያስከነዳው ይችላል።

ይህ ውለታ ሁለት ቦታ ላይ ያጥራል። አንደኛው መነሻው ላይ ነው። መብራት ሲለቀቅ ቱርቦው ገና አልነቃም፤ የኤሌክትሪክ ረዳት ከሌለው ለዚያች ቅጽበት የምንነዳው በሳሳ አየር የሚተነፍስ 1.5 ሊትር ብቻ ነው። ሁለተኛው ረጅም ዳገት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ ሰው ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ሙቀቱም ከባድ ነው። ያ ዳገት የአውሮፓው ቤተ ሙከራ ያልጠየቀውን ጥያቄ ይጠይቃል፤ ትንሹ ሞተርም መልሱን በቤንዚን ይከፍላል።

ጥገናውም የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ከመፋተግ የሚጠብቀው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። የአውሮፓ መመሪያ የሚፈቅደውን ረጅም የዘይት መቀየሪያ ርቀት በአቧራና በመንገድ መጨናነቅ ለሚኖር መኪና መውሰድ ሞተሩን መበደል ነው። ዘይቱ አምራቹ ያዘዘው ዓይነት ይሁን፤ ቶሎ ቶሎ ይቀየር፤ የአየር ፊልትሮው አይረሳ። በከፍተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር ነዳጁን እስከ ታች መርገጥ በእነዚህ ሞተሮች ፒስተን ላይ ያለጊዜው የሚፈነዳ ነዳጅ ሊያመጣ ይችላል። ነዳጅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጭባቸው በመሆኑም ቫልቩን የሚያጥብ ቤንዚን የለም፤ ጥላሸት ይከማችበታል። ትልቁ የድሮ ሞተር ቸልተኝነትን ይታገሣል፤ ትንሹ አይታገሥም።

ሊብሬው ላይ ያለችው መስመር

እኛም የራሳችን ሰንጠረዥ አለን። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አዲስ መኪናን በሲሲ ሦስት ቦታ ከፍሎታል፤ እስከ 1,300 ሲሲ 5 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። ዓላማው ግልጽ ነው፤ አነስተኛ መኪና የሚገዛው እንዲቀልለው፣ ቅንጦት የሚሻው እንዲከፍል። ነገር ግን ሲሲ ቅንጦትን መለካት ካቆመ ቆይቷል። 204 ፈረስ የሚያወጣው አዲሱ ሲ 200 በመካከለኛው እርከን ሲያርፍ፣ ጉልበቱ ከዚያ በብዙ የሚያንስ ተራ 2.0 ሊትር የቤተሰብ መኪና በላይኛው ይገባል። የትንሿ ኤ 200 ሞተር ደግሞ 1,332 ሲሲ ነው፤ 163 ፈረስ የያዘች የቅንጦት መኪና ከዝቅተኛው እርከን የለያት 32 ሲሲ፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ስፋት ነው። መስፈርቱ ያሰበውን ሰው እያገኘ አይደለም።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ ከእነዚህ ሞተሮች ጋር የምንኖረው አገር ውስጥ ባሉት መኪኖች፣ ከእጅ ወደ እጅ በሚሻገሩት ነው። በየመንገዱ እየበዛ ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ሲሲ የለውም። እሱን ሊገዛ የመጣ ሰው የለመደውን ጥያቄ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም፤ ክብደቱን፣ የባትሪውን አቅምና ጤንነት፣ በአንድ ሙሌት የሚሄደውን ርቀት ለመጠየቅ ይገደዳል። እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ለባለ ሞተሩም ከመጀመሪያው ትክክለኛዎቹ ነበሩ፦ ምን ያህል ትከብዳለች? ዳገት ላይ የምትጠመዝዝበት ኃይል ስንት ነው? ከየትኛው ዙር ጀምሮ? ዘይቷ በየስንት ኪሎ ሜትሩ ሲቀየር ኖረ?

ለከተማና ለቀላል ጉዞ ሲ 200 የሚፈልግ ሰው በ1.5 ሊትሩ ሊያፍር አይገባም፤ ልኩን አግኝቷል። በየሳምንቱ ዓባይን ተሻግሮ ቤተሰብ ጭኖ የሚሄደው ግን ከፍ ያለውን ይምረጥ፤ ለእሱ ያ ጠጠር ያንሳል። ኮከቡ በሁለቱም ላይ አንድ ነው፤ የሁለቱን መንገድ የሚለየው ግን ባለቤቱ ራሱ ነው። ሊብሬው ላይ ያለችው የሲሲ ቁጥር ስለዚያ መንገድ አንድም ቃል አትናገርም።